ውሸት ልማድ ከሆነበት ሰው ጋር እንዴት መኖር ይቻላል? በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኙት አዳዲስ ሰፈሮች፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በጀሞና እነዚህን በመሳሰሉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች፣ በአንድ ብሎክ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ከየአቅጣጫው የተሰባሰቡ ናቸው። አንዱ ዕጣ ወጥቶለት፣ ሌላው ኪራይ ረክሶለት፣ ሌላው ደግሞ የቀድሞ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ምትክ ቤት ተሰጥቶት የመጣ ነው። በድሮው ሰፈር አንድ ሰው «ጀርመን አገር ተምሬ ነው የመጣሁት» ቢል፣ እናቱን የምታውቅ ጎረቤት፣ አብሮት ፊደል የቆጠረ ጓደኛና ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ስለነበሩ ወሬው ከግቢው በር አያልፍም ነበር። እዚህ ግን ሰው የሚታወቀው ስለ ራሱ በሚናገረው ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ውሸት ልማድ የሆነበት ሰው ማንም ሳይጠይቀው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ በተነቃበት ጊዜ የሚደርሰው ጉዳትም ለእሱም ለጎረቤቱም የከበደ ይሆናል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለ ሰው በቤታቸው፣ በብሎካቸው፣ በእድራቸው ወይም በሥራ ቦታቸው ላጋጠማቸው ሰዎች ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ የምናደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ በይሉኝታ ዝም ብለን እንሰማለን፣ ወይ ትዕግሥታችን ሲያልቅ ሰው ፊት እናዋርደዋለን። ዝምታችን ወሬውን እንዳመንነው ያስቆጥራል፤ ውርደቱ ደግሞ ሰውየው የቀድሞውን ውሸት ለመሸፈን ሌላ እንዲጨምር ያስገድደዋል። እኔ የማምንበት መንገድ ሌላ ነው፦ ገንዘብ፣ ቤት፣ ልጅ ወይም የሰው ስም የሚነካ ውሳኔ በእሱ ቃል ላይ ብቻ እንዳይቆም ማድረግ፣ በዚያው ልክም ሰውየውን ሳይጠሉ፣ ሳያፍር ወደ እውነት የሚመለስበትን በር ክፍት መተው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ለመፈጸም የሚረዱ ናቸው።

አንደኛ፦ የውሸቱን ዓይነት ይለዩ

«ውሸታም» የሚለው ስም ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሰዎችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። የመጀመሪያው የሰፈር ልጆች «ቀዳጅ» የሚሉት ባለ ጉራ ነው፤ ወሬው ያስቃል፣ ያዝናናል፣ ከማንም ኪስ ሳንቲም አያወጣም። ሁለተኛው ከኀፍረት ወይም ከፍርሃት የተነሳ የሚዋሽ ነው፤ ከሥራ ከተቀነሰ ወራት ያለፉት ሆኖ ሳለ በየማለዳው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ታክሲ ተራ የሚወርድ አባወራ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሦስተኛው ለጥቅም የሚዋሽ አጭበርባሪ ነው። አራተኛው ደግሞ ለማታለል ሳያስብ፣ በሕመም ምክንያት ያልሆነው ነገር የሆነ የሚመስለው ሰው ነው።

እነዚህን ለመለየት ወሬው የሚያልቅበትን ቦታ መመልከት ይጠቅማል። ቀዳጁ ሲጨርስ ሳቅና አድናቆት ይጠብቃል። የሚያፍረው ሰው ሲጨርስ ርዕስ ይቀይራል፤ ጥያቄ ሲበዛበትም ተነሥቶ ይሄዳል። አጭበርባሪው ሲጨርስ ገንዘብ፣ ፊርማ ወይም ዋስትና ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም «እስከ ነገ ካልሆነ ዕድሉ ያልፋል» እያለ ያጣድፋል። ሕመምተኛው ግን ምንም አይጠብቅም፤ ሲያርሙትም ከልቡ ግራ ይጋባል። አንድ ሰው ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ሊሸጋገር እንደሚችል አይዘንጉ፤ ሥራ ማጣቱን የደበቀው አባወራ ደመወዝ እንደሚቀበል ለማስመሰል ብድር መውሰድ ከጀመረ ጉዳዩ ከኀፍረት አልፏል ማለት ነው።

ግልጽ ጥቅም ሳይኖረው ለዓመታት የሚዘልቅ ውሸት በሕክምናው ዓለም ከታወቀ ቆይቷል። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም አንቶን ዴልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው ጥናት «ፕሲውዶሎጂያ ፋንታስቲካ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ ይህን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አልመዘገበውም፤ ውሸትን የሚጠቅሰው የሌሎች ችግሮች መገለጫ አድርጎ ነው። ስለዚህ ጎረቤትን «የውሸት በሽታ አለበት» ብሎ መፈረጅ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያልደፈሩትን መድፈር ነው፤ ከዚህ መቆጠብ ይገባል።

አራተኛውን ዓይነት በተመለከተ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በስህተት የሚገሠጸው ብዙውን ጊዜ ይህ ሰው ነው። ለረጅም ዓመታት አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ ያበዛ፣ ምግብም የቀነሰ ሰው ሰውነቱ ቫይታሚን ቢ1 ሲያጣ የማስታወስ ችሎታው ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ አእምሮውም የጠፋውን ትዝታ በፈጠራ ይሞላዋል። ሩሲያዊው ሐኪም ሰርጌይ ኮርሳኮፍ ይህን ሁኔታ እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ በጽሑፍ ገልጾታል። እንዲህ ያለው ሰው ከአልጋው ሳይወርድ የዋለ ሆኖ ሳለ «ትናንት ደብረ ብርሃን ደርሼ መጣሁ» ቢል፣ ለእሱ የተናገረው እውነት ነው። በእርጅና የመርሳት ሕመም የያዛቸው እናትና አባትም «ገንዘቤን ሠራተኛዋ ሰረቀችኝ» ሊሉ ይችላሉ፤ ገንዘቡ ግን ራሳቸው ፍራሽ ሥር ያስቀመጡት ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው ምርመራ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ማለት ተገቢ ነው። በአንድ ቀጣፊ የተጎዳ ሰው «ዘንድሮ የሚታመን ሰው የለም» ወደሚል ተስፋ መቁረጥ ይሄዳል፤ «ሰው ያመነ ጉም የዘገነ» የሚለው አባባልም ያጽናናዋል። ይሁን እንጂ ኪም ሴሮታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት፣ 1,000 አሜሪካውያንን በጠየቀ ጥናት፣ ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት ባለፉት 24 ሰዓታት ምንም እንዳልዋሹ ሲናገሩ፣ ከተነገሩት ውሸቶች ግማሽ ያህሉ የመጡት ከ5 በመቶዎቹ ብቻ ነበር። ብዙ የሚዋሹት ጥቂቶች ናቸውና ከአንዱ የተነሳ ብሎኩን ሁሉ መጠርጠር አይገባም።

ሁለተኛ፦ ፊት ማንበብን ይተዉ

አብዛኛው ሰው ውሸትን ከዓይን፣ ከላብና ከመንተባተብ እለያለሁ ብሎ ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ ከ24,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ ግን፣ ሰዎች እውነትን ከውሸት በትክክል የለዩት ከ100 ጊዜ 54ቱን ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በግምት ከመናገር እምብዛም የማይሻል ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ታናሽ በታላቁ ፊት ዓይኑን መስበሩ የጨዋ ልጅ ምልክት ስለሆነ፣ በትክክል ያደገው ልጅ ውሸታም፣ ዓይን አውጣው ደግሞ እውነተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

መሐላም ማስረጃ አይሆንም። «ማርያምን» ወይም «እናቴ ትሙት» ማለት ለለመደው ሰው ከአፍ የሚወጣ ቃል ብቻ ነው፤ ማል ብሎ ማስገደድ ደግሞ ሰውየውን በውሸቱ ላይ የሐሰት መሐላ እንዲጨምር መገፋፋት ስለሆነ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ከፊቱ ይልቅ ከእሱ ውጭ ያለውን ነገር ይመልከቱ፦ የጠቀሰው ቦታ፣ ቀን፣ ወረቀትና ሰው። አራቱም ሊጣሩ የሚችሉ ናቸው።

ሦስተኛ፦ ለራስዎ ማስታወሻ ይያዙ

ጉዳዩ ገንዘብን ወይም ትዳርን የሚነካ ከሆነ፣ ምን እንደተባለ፣ መቼና ማን ባለበት እንደተባለ በደብተር ወይም በስልክዎ ላይ ይጻፉ። ሰው ሲደጋገምበት የራሱን ጆሮ መጠራጠር ይጀምራል፤ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» ሲባል መልስ የሚያጣውም ለዚህ ነው። ማስታወሻው ግን ለእርስዎ አእምሮ ማረፊያ እንዲሆን እንጂ ለቡና ላይ ወሬ እንዳይውል ይጠንቀቁ። ጽሑፉ ላይ «ዋሸ» ብለው አይጻፉ፤ «እንዲህ አለ፣ ያገኘሁት ግን ይህ ነው» ብለው ይጻፉ።

አራተኛ፦ ወሬው በሚወራበት ሰዓት የሚሰጠውን መልስ ያዘጋጁ

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ልምምድ የሚፈልግ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ የሚያስፈልገው ሲኒው በእጅ ላይ ሳለ፣ ሌሎች እየሰሙ፣ በሰከንዶች ውስጥ ነው።

በአንድ ብሎክ ሥር በተፈላ የቅዳሜ ቡና ላይ የተመለከትኩትን ላስረዳ። አንድ ጡረተኛ አባት በደርግ ዘመን በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዱ እንደነበር እያጫወቱ ነበር። ጨዋታው እየሞቀ ሲሄድ አንድ ጄኔራል መኪናቸውን አስቁሞ ከጎናቸው እንደተቀመጠ፣ የጦር ምክርም እንደጠየቃቸው፣ በመጨረሻም ሽጉጡን እንደሸለማቸው ተናገሩ። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ የጄኔራሉ ስም ማን ነበር? አሁን እናየዋለን» አላቸው። የሽማግሌው ፊት ወዲያው ተለወጠ። ቡናውን የምታፈላው እናት ግን ረከቦቱ ላይ ሲኒ እያስተካከለች «ጋሼ፣ ተወው እሱን፤ ለመሆኑ አሰብ ስትደርሱ ያን ሙቀት እንዴት ነበር የምትችሉት?» ብላ ጠየቀቻቸው። ድምፃቸው ረጋ አለ። ከሚሌ በኋላ በኤሊዳርና በማንዳ በኩል ቡሬ እስኪደርሱ ያለውን መንገድ፣ ማታ ማታ ከመኪናው ጭነት ላይ ወጥተው እንደሚተኙ፣ አንሶላውን በውሃ ነክረው እንደሚለብሱት፣ እሱም ገና እንቅልፍ ሳይወስዳቸው ይደርቅ እንደነበር አንድ በአንድ ነገሩን። ወጣቱም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ማዳመጥ ጀመረ፤ ጄኔራሉን ዳግመኛ ያነሳው አልነበረም።

ያች ሴት ያደረገችው ነገር የዚህ መመሪያ እምብርት ነው። የሚያጋንን ሰው ብዙውን ጊዜ ከተጋነነው ታሪክ ሥር አነስ ያለ እውነተኛ ሕይወት አለው፤ ያ ሕይወት ግን ሰሚ የሚያገኝ አይመስለውም። ስለዚህ ከወሬው ውስጥ እውነት ሊሆን የሚችለውን ክፍል መርጠው ስለ እሱ ከልብ ይጠይቁ፤ ለተጋነነው ክፍል ግን ሳቅም፣ አድናቆትም፣ ክርክርም አይስጡ። ለውጡ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ነገር ግን ሰው የሚሰማለትን ነገር መደጋገሙ አይቀርም።

ለሌላው ዓይነት ወሬ የሚሆኑ አጫጭር መልሶችን አስቀድመው ይያዙ። ላለማመንዎም ላለመካድዎም «እንዲህ ነው? እኔ አላውቅም ነበር» ማለት ይበቃል። ውሳኔ ከተጠየቁ «ወረቀቱን ካየሁ በኋላ እነግርሃለሁ» ይበሉ። ሁለት የሚጋጩ ነገሮች ከተነገሩዎት ደግሞ «ባለፈው የነገርከኝ ከዚህ ይለያል፤ የትኛውን ልያዝ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ሰውየውን ሳይወቅስ ራሱን እንዲያርም ዕድል ይሰጠዋል፤ ካረመም «እሺ፣ ገባኝ» ብለው ይለፉት። መልሱን እያወቁ ለማጥመድ ብቻ መጠየቅ ግን ጎጂ ነው፤ የተጠመደ ሰው በፍርሃት ሌላ ውሸት ይፈጥራል። ከእሱ የበለጠ ጉራ ነፍቶ መፎካከርም፣ የሰሙትን ወደ ሌላ ሰው ማሳለፍም አይገባም።

እነዚህን ትናንሽ መልሶች መናቅ አይገባም። በለንደን የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ለራሳቸው ጥቅም ሲዋሹ አሚግዳላ የተባለው፣ ከስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል የሚሰጠው ምላሽ በተደጋገመ ቁጥር እየቀነሰ፣ ውሸቱም እየገዘፈ እንደሚሄድ አሳይተዋል። በትንሹ ያልተገታው እያደገ ይሄዳልና ገና በጅምሩ ሳያዋርዱ መግታት ለሰውየውም ውለታ ነው።

አምስተኛ፦ ገንዘብንና ቤትን ከቃል ላይ ያንሱ

በከተማችን ዳርቻ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በመሬትና በቤት ነው። «ወረዳ ውስጥ ሰው አለኝ»፣ «ካርታው እየተሠራ ነው»፣ «ገበሬው ዘመዴ ስለሆነ በቅናሽ ይሰጥሃል» የሚሉት አባባሎች ለብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ መጥፊያ ሆነዋል። በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን መደንገጉ ነው። ስለዚህ ቤት የሌለበትን ባዶ ቦታ «እሸጥልሃለሁ» የሚል ሰው፣ ሌላው ወሬው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ሊሸጠው የማይችለውን ነገር ነው የሚሸጠው።

ቤት ሲሆን ደግሞ ሻጩ ያሳየዎትን ካርታ ቅጂ ይዘው ይዞታው ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ራስዎ ይሂዱ፤ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ሳይጣራ ቀብድ አይክፈሉ። «እኔ አጣርቼልሃለሁ» የሚል ደላላ ወይም ጎረቤት የእርስዎን እግር ሊተካ አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ በልማድ «ውልና ማስረጃ» የምንለው ቢሮ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እዚያ ለመሄድ ምክንያት የሚያበዛ ሰው ካጋጠመዎ ነገሩን በዚያው ማቆም ይሻላል።

ብድርን በተመለከተም ያው ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው በፍርድ ቤት በሚሰጠው የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይገልጻል። ዛሬ 500 ብር የሚያበድር ሰው ብድር ሰጠሁ ብሎ እንኳ አያስብም፤ ሕጉ ግን እንደዚያው ነው። ስለዚህ ለወዳጅም ቢሆን በሁለት ምስክር ፊት የተፈረመ ወረቀት ይኑርዎት። ይህን መጠየቅ ከከበደዎት «ለሁሉም የማደርገው እንዲህ ነው» ማለት ይሉኝታውን ያቀለዋል፤ ነገር ግን በእርግጥም ለሁሉም ያድርጉት። ሊመለስ እንደማይችል የሚያውቁትን ገንዘብ ደግሞ ብድር ብለው አይስጡ፤ መርዳት ከፈለጉ አቅምዎ የፈቀደውን ያህል ስጦታ ብለው ይስጡ፣ ከዚያም ይርሱት።

«ለስሙ ነው፣ ፈርምልኝ ብቻ» ተብሎ የሚጠየቅ ዋስትና ከሁሉም የከፋ ነው። በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በዓይንዎ ያንብቡ፣ ያንን ገንዘብ ከራስዎ ኪስ ለመክፈል ዝግጁ ካልሆኑም አይፈርሙ። በስልክ የሚላክ ክፍያም እንዲሁ ነው፤ «ልኬልሃለሁ» ብሎ የሚያሳየዎትን መልእክት ወይም የስክሪን ፎቶ ሳይሆን የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ቀሪውን ይመልከቱ።

ገንዘቡ አስቀድሞ ከሄደ፣ ሆን ተብሎ በማታለል የተወሰደ እንደሆነ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ያስቀጣል። ወረቀቱን፣ የባንክ ደረሰኙንና የስልክ መልእክቶቹን ሳይሰርዙ ይዘው ወደ ፖሊስ ይሂዱ፤ ከዚያ በፊትም የሕግ ባለሙያ ቢያማክሩ መልካም ነው።

ስድስተኛ፦ ለብቻው ያነጋግሩት

ለዚህ ንግግር የሚመረጠው ሰዓት ሁለታችሁም ያልተቆጣችሁበት፣ ያልጠጣችሁበትና ሰው የማይሰማበት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለሱ፣ ወይም አብሮ ወደ ታክሲ ሲወርዱ ጎን ለጎን እየሄዱ መነጋገር ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይቀላል። የዓመታቱን ሁሉ ዘርዝረው አይክመሩበት፤ አንድ የተረጋገጠ ነገር ብቻ ይያዙ። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ወንድሜ፣ ባለፈው የእድሩን መዋጮ አስገብቻለሁ ብለኸኝ ነበር፤ ጸሐፊው ጋ ስጠይቅ አልገባም። እኔም ሰው ፊት ‹ከፍሏል› ብዬ ስለተናገርኩ አፍሬያለሁ። ሌላ ጊዜ ካልተመቸህ ‹አልሞላልኝም› በለኝ፤ አልቆጣህም።»

በዚህ አነጋገር ውስጥ «ውሸታም» የሚል ቃል የለም። የተባለው፣ የተገኘው፣ የደረሰው ጉዳትና ለወደፊቱ የሚፈለገው ነገር ብቻ ነው ያለው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቃል ኪዳን መሆኑን ይወቁ፤ «አልሞላልኝም» ብሎ በመጣ ቀን ቢቆጡት፣ እውነት መናገር እንደማያዋጣ ራስዎ አስተማሩት ማለት ነው።

ሰውየው ሊክድ፣ ሊቆጣ፣ ሊያለቅስ ወይም ሌላ ታሪክ ሊፈጥር ይችላል። አይከራከሩ፤ «እኔ የነገርኩህን ብቻ አስብበት» ብለው ወደ ሌላ ጨዋታ ይለፉ። እመን ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ፊት ለፊት ሳያምን ቆይቶ በተግባር ያስተካክላል፤ ያም ይበቃል። ሽማግሌ መሰብሰብ ያለበት ለብቻ የተደረገው ንግግር ፍሬ ሲያጣና ትዳር ወይም ንብረት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው፤ ያኔም የሚመረጡት ሽማግሌዎች ምሥጢር የሚይዙ ይሁኑ። በሰፈር መካከል ወይም በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስሙን ጠቅሶ ማዋረድ ከሞራሉ በተጨማሪ በሕግም ያስጠይቃል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ይቀጣል።

የሚዋሸው የትዳር ጓደኛ ከሆነ ንግግር ብቻውን አይበቃም። በየወሩ የሁለቱም የባንክ ሒሳብና ዕዳ በአንድ ወረቀት ላይ ቢታይ፣ ሚስት ወይም ባል መርማሪ ሳይሆኑ እውነቱ በራሱ የሚወጣበት ልማድ ይኖራል።

ሰባተኛ፦ ልጅ ሲዋሽ ዱላውን ያስቀምጡ

ሕፃን «ትናንት አንበሳ መጥቶ ነበር» ቢል አልዋሸም፤ እየተጫወተ ነው። ጥፋቱን ለመሸፈን የሚዋሽ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ነገር አለ። ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት በምዕራብ አፍሪካ የሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶችን አነጻጽረዋል፤ አንደኛው በዱላ የሚቀጣ፣ ሌላው የማይቀጣ ነበር። በሚቀጣው ትምህርት ቤት ያሉት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ይበልጥ ከመዋሸታቸውም በላይ ውሸታቸውን በመጠበቅ የተካኑ ሆነው ተገኝተዋል። ዱላው ያስተማራቸው እውነትን ሳይሆን መደበቅን ነበር።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ ውሸታም ተቀጣ የሚል ተረት የሰሙ ልጆች ምንም ለውጥ ሳያሳዩ፣ እውነት የተናገረ ልጅ ተመሰገነ የሚል ታሪክ የሰሙት ግን ይበልጥ እውነቱን ተናግረዋል። ስለዚህ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ሲያምን አስቀድመው «እውነቱን ስለነገርከኝ ኮርቼብሃለሁ» ይበሉት፤ ከዚያ ስብርባሪውን አብራችሁ ጥረጉ። አባቱ ደጅ ላለ ሰው «የለም በለው» እያለ የሚልከው ልጅ ግን በምንም ታሪክ አይታረምም።

ስምንተኛ፦ በእድርና በብሎክ ኮሚቴ አሠራሩን ለሁሉም አንድ ያድርጉ

አንድን ሰው ለይቶ ደረሰኝ መጠየቅ ማዋረድ ነው፤ ሁሉንም መጠየቅ ግን ሥርዓት ነው። ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ተቆጣጣሪ የተለያዩ ይሁኑ፤ ወጪ በሁለት ፊርማ ይውጣ፤ እቁብ ቀድሞ የሚበላ ሁሉ ዋስ ያቅርብ። በዳርቻ ሰፈሮች የሚደጋገመውና ብዙ እንቅልፍ የሚነሳው «ይህ ሰፈር ሊፈርስ ነው» የሚለው ወሬ ነው። ኮሚቴው ሁለት ሰው መርጦ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይላክ፤ የተባለውንም ማን እንደነገራቸው ጠቅሰው ለነዋሪው ያሳውቁ። ወሬውን ማን እንደጀመረው መፈለግ አያስፈልግም።

ዘጠነኛ፦ ማንም ቢናገረው እንደ እውነት የሚያዙ ቃላት

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ሦስት ነገሮችን አይመለከትም። ውሸታም በመባል የሚታወቅ ሰው «ራሴን አጠፋለሁ» ቢል፣ ልጅ ወይም ሴት «እገሌ ይነካኛል፣ ይመታኛል» ብትል፣ ወይም ማንም ሰው ደረቴን ያዘኝ፣ ግማሽ አካሌ ደነዘዘ ቢል፣ ቃሉ እውነት እንደሆነ ተቆጥሮ ወዲያው እርምጃ ይወሰዳል። «ልማዱ ነው» ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ ሊመለስ የማይችል ነው። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብን ሰው ብቻውን አይተዉት፤ የተባይ ማጥፊያና መድኃኒት ከአጠገቡ ያርቁ፤ ወደ ቅርቡ ሆስፒታልም ይውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል።

አስቸኳይ ላልሆነው ችግር መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላትም የሪፈር ወረቀቱን የሚያገኙት ከዚያው ነው። ከዚያ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በምሥራቅ በኩል ላሉት ወደሚቀርበው የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። ሰውየውን «ውሸትህን እንዲያድኑህ» ብለው አይውሰዱት፤ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ጭንቀቱን ወይም መጠጡን ምክንያት አድርገው ቢያነጋግሩት በቀላሉ ይስማማል። ጸበል የሚጠመቅ ከሆነም ይጠመቅ፤ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጥ ይርዱት።

አሥረኛ፦ መራቅና መመለስ

ንግግሩም ሽማግሌውም ሳይጠቅም ከቀረና የልጆችዎ ቀለብ ወይም የእርስዎ ጤና እየተነካ ከሆነ መራቅ ተገቢ ነው። መራቅ ማለት ሰላምታ መንሳት አይደለም። ለቅሶው ላይ ይድረሱ፣ ሲታመም ይጠይቁት፤ ነገር ግን ገንዘብ፣ ፊርማ፣ የቤት ቁልፍና የቤተሰብ ምሥጢር ከእሱ ጋር አይኑር። ይህን ያደረጉበትን ምክንያት ለጎረቤት ሁሉ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

ሰውየው መለወጥ ሲጀምር ደግሞ እምነቱን ቀስ በቀስ ይመልሱለት። መጀመሪያ ደረሰኝ ያለው ትንሽ ጉዳይ ይላኩት፤ ለምሳሌ የመብራት ክፍያ። ደረሰኙንና መልሱን በትክክል ካመጣ አመስግነው ይቀበሉ፣ ሒሳቡን ሰው ፊት ደግመው አይቁጠሩ። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ቢያጋንን ወይም ቢሳሳትና ራሱ ተመልሶ «ያን ጊዜ ያልኩህ እንደዚያ አልነበረም» ቢልዎ፣ ለምን ዋሸህ ብለው ወደ ኋላ አይመልሱት፤ የታረመውን ይያዙ፣ ማስታወሻዎ ላይ የነበረውንም ይሰርዙ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ሌላ ጉዳይ ይላኩት።